የእማዬ ጉልበት እና የክኒኑ ታሪክ

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። "ቲቸር የትኛው ካላንደር ነው?" እያላችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጨቃጨቁኝ ከወዲሁ ተናግሬያለሁ።

እማዬን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። እኛን አራት ልጆቿን እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው ያሳደገችን። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ትነሳለች፣ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ምጣዱ ይግላል፣ ጉልበቷ ታጥፎ እስከ ረፋድ ድረስ ትጋግራለች። ከዚያ ቤተክርስቲያን። በዐቢይ ጾም ደግሞ ስግደቱ አለ። ስልሳ ዓመት ሳይሞላት ከበርጩማዋ ለመነሳት ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። ወስደን ራጅ አስነሳናት። ያያት ባለሙያ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ፣ ከጉልበቷ አጥንት ጠርዝ ላይ እንደ ወፍ መንቁር ሹል ብሎ የወጣ ነገር አሳየንና "አጥንት በቅሏል" አለን። መድኃኒቱስ? ስል ዳይክሎፌናክ ጻፈልን። ለአሥር ቀን።

አሥሩ ቀን ሁለት ዓመት ከምናምን ሆነ። ክኒኑን ስትውጥ ትነሳለች፣ ሳትውጥ ትቀመጣለች። መድኃኒት ቤት ወረቀት የሚጠይቀኝ አልነበረም። ደመወዝ በገባ ቁጥር ከስኳሩና ከዘይቱ ጋር አንድ ሁለት ጥቅል ዳይክሎፌናክ ገዝቼ እገባ ነበር፤ ጥሩ ልጅ የሆንኩ መስሎኝ። እሷም ለጎረቤት "ልጄ መድኃኒቴን አቋርጦብኝ አያውቅም" ትል ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት መጸዳጃ ቤት በር ላይ ወድቃ አገኘናት። ሰገራዋ ለቀናት እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር፣ አፍራ አልነገረችንም። ጨጓራዋ ቆስሎ ደም ይፈስ ነበር። ሦስት ከረጢት ደም ተሰጣት። ተረኛው ሐኪም ወጣት ልጅ ነው፤ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ "ይሄን መድኃኒት ማነው የሚገዛላቸው?" አለኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት። ምንም አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚያ አልጋ አጠገብ ሳስታምማት ባደርኩባቸው ሌሊቶች ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የታሪክ መምህር ነኝ። የማውቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይሄ ነገር ከየት መጣ? ስለ አጥንቱም ስለ ክኒኑም እሱኑ ጠየቅኩ።

አጥንቱ ከእኛው ሰፈር ይጀምራል ብል ማጋነን አይሆንም። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። በ1983 የታተመ ጥናት የጀርባ አጥንቶቿን መርምሮ፣ ከፊት ጠርዛቸው ላይ ተጨማሪ አጥንት እንደ ከንፈር ወጥቶ ማግኘቱን ጽፏል። ያቺ ከአንድ ሜትር ብዙም ያልበለጠች ፍጥረት ጀርባዋን ያማት ነበር ማለት ነው? አጥንት ስለ ሕመም አይናገርም። የበቀለ አጥንት ግን ነበራት።

ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሁሌ የምወደው ታሪክ ደግሞ የፈረንሳዩ ሽማግሌ ነው። በ1908 ላ ሻፔል ኦ ሴን በምትባል መንደር ወንድማማቾች ዋሻ ሲቆፍሩ የአንድ ኒያንደርታል ሰው ሙሉ ሊባል የሚችል አጽም አገኙ። አጽሙ ፓሪስ ሄዶ ማርሴለን ቡል በሚባል ትልቅ ምሁር እጅ ገባ። ቡል ምን አለ? ጉልበቱ የታጠፈ፣ አንገቱ ወደፊት የተደፋ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ የማይችል ግማሽ ዝንጀሮ ነው አለ። ለአርባ ዓመት ከምናምን ዓለም በሙሉ ኒያንደርታልን እንዲያ አድርጎ ሣለው። ፊልሙም፣ ካርቱኑም፣ መማሪያ መጽሐፉም።

በ1957 ስትራውስ እና ኬቭ የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች አጽሙን እንደገና አዩት። ሰውየው የጠና የመገጣጠሚያ በሽታ የነበረበት ነው። አከርካሪው ተበልቷል፣ ጥርሱም አብዛኛው ረግፏል። ቡል የተሳሳተበት ምክንያት ይሄ ብቻ ባይሆንም፣ የአንድን በሽተኛ አጽም የዘሩ ሁሉ አቋም አድርጎ ማየቱ ግን ትልቅ ስህተት ነበር። ሁለቱ ሰዎች እንዳሉት ያ ሰው ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ሱፍ ለብሶ የኒውዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ ቢገባ ዞር ብሎ የሚያየው መኖሩ ያጠራጥራል። የጉልበት ሕመም የአንድን ሕዝብ ስም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያጠፋ ይሄ የመጀመሪያውም ብቸኛውም ሳይሆን አይቀርም።

በሕይወት ያለ ሰው ላይ ግን ይህን አጥንት ማየት የተቻለው ሮንትገን በኅዳር 1895 ራጅን ካገኘ በኋላ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1900፣ ፕሌትነር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ተረከዝ ሥር የወጣውን ሹል አጥንት ገልጾ ስም አወጣለት፤ የተረከዝ መውጊያ እንደማለት ነው፣ ፈረሰኛ ጫማው ላይ አስሮ ፈረሱን የሚወጋበትን ብረት ይመስላል ብሎ። ስሙ ራሱ ሕመም ይዞ መጣ። መውጊያ ከተባለ በኋላ ማን አይወጋም ይላል?

ሐኪሞቹ ደግሞ ወዲያው ወንጀለኛ ፍለጋ ወጡ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ማንን ቢይዙ ጥሩ ነው? ጨብጥን! ተረከዙን ያመመው ሰው ጨብጥ ይዞት ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቅ ነበር፣ አጥንቱም በቀዶ ጥገና ይቆረጥ ነበር። ተረከዜን አመመኝ ብሎ የሄደ ባለትዳር ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚገባ አስቡት። የኋላ ኋላ ክሱ ውድቅ ሆነ። ራጅ እየበዛ ሲሄድ ነገሩ ተገለበጠ፦ ተረከዛቸው ላይ አጥንት ወጥቶ ምንም የማያማቸው ሰዎች በብዛት ተገኙ፣ ክፉኛ እያመማቸው ምንም አጥንት ያልወጣባቸውም እንደዚሁ። ብዙ ጊዜ የሚያመው ከእግር ጣት ሥር እስከ ተረከዝ የተዘረጋው ጠንካራ ጅማት ሆኖ ተገኘ። አጥንቱ አብሮ የሚታይ ጎረቤት ነው።

(ትራምፕን የምትጠብቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዎ፣ በ1968 የቬትናም ጦርነት ሲጧጧፍ ከወታደራዊ ምልመላ የቀሩት በተረከዝ አጥንት ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ በተማሪነት ተዘልለዋል። ክርክሩን ለሌላ ቀን ተዉት።)

እንግዲህ አጥንቱ ይሄ ነው። የጉልበቱ ከተረከዙ ትንሽ ይለያል። በሁለት አጥንት መካከል ያለው ልስልስ ሽፋን ሲሳሳ ሰውነት ጠርዝ ጠርዙ ላይ አጥንት ይጨምራል፤ የተናጋ ግድግዳ በጭቃና በድንጋይ እንደሚደገፍ ማለት ነው። እማዬ ላይ የታየን መንቁር ያ ድጋፍ ነበር። ያንን አጥንት የሚያሟሟ ክኒን የለም። ይሄን አንድ ዐረፍተ ነገር ከሦስት ዓመት በፊት የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ! እኔ ዳይክሎፌናኩ አጥንቱን እየበላው ነው ብዬ አስብ ነበር። የበላው ጨጓራዋን ነው።

አሁን ወደ ክኒኑ።

የክኒኑ ዘር የሚጀምረው ከአኻያ ዛፍ ነው፤ መዝሙረ ዳዊት ላይ በገና የተሰቀለበት ያ የወንዝ ዳር ዛፍ። በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የሚባሉ እንግሊዛዊ ቄስ ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ደብዳቤ ጻፉ። የአኻያ ልጣጭ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ትኩሳት ለያዛቸው ሃምሳ ያህል ሰዎች ሰጥተው እንደሠራላቸው ገለጹ። የቄሱ ምክንያት የኛን አባቶች አነጋገር ይመስላል፦ ትኩሳቱ ረግረግ ቦታ ይነሳል፣ አኻያም ረግረግ ቦታ ይበቅላል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ከበሽታው አጠገብ ተቀምጧል። ምክንያቱ ስህተት፣ መድኃኒቱ ልክ። ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለው ብዙ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀርመኖች ከልጣጩ ውስጥ የሚሠራውን ነገር ለይተው አወጡ፣ ቆይተውም በፋብሪካ ማምረት ቻሉ። በ1876 ማክላገን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ለቁርጥማት በሽተኞች ሰጥቶ ውጤቱን አሳተመ። ችግሩ ሆድ ያቃጥላል፣ ያስመልሳል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጨጓራ ጋር ጸብ ነበረው ማለት ነው፤ ይሄን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ባየር መጣ። መማሪያ መጽሐፍ ላይ የምናነበው ታሪክ ደስ ይላል፦ ፌሊክስ ሆፍማን የሚባል ወጣት ኬሚስት አባቱ በቁርጥማት ይሠቃያሉ፣ የድሮው መድኃኒት ሆዳቸውን ያቃጥላቸዋል፣ ልጅ ለአባቱ ብሎ በነሐሴ 1897 አዲስ ነገር ቀመመ። በ1899 አስፕሪን ተብሎ ገበያ ወጣ። እናቱ አልጋ አጠገብ ለተቀመጠ ልጅ ይሄ ታሪክ ምን ዓይነት ማጽናኛ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ግን የታሪክ መምህር ነኝና ምንጩን ፈለግኩ። የሆፍማን ታሪክ በሰፊው የወጣው በ1934 ነው። 1934 ጀርመን ውስጥ ምን ዓመት ነው? አሥረኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ መልሱልኝ። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ዓመቱ ነው። ባየር ውስጥ ሆፍማን አብሮት ይሠራ የነበረ አርቱር አይሸንግሩን የሚባል ሌላ ኬሚስት ነበር። አይሁዳዊ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ቴሬዚየንሽታት ማጎሪያ ካምፕ ገባ። ከሞት ተርፎ ወጣና በ1949 አንድ ጽሑፍ አሳተመ፦ ሥራውን ሆፍማን የሠራው በእኔ መመሪያ ነው፣ ለምን እንደሚሠራ እንኳ አያውቅም ነበር አለ። በዚያው ዓመት ሞተ። ለሃምሳ ዓመት የሰማው ሰው ጥቂት ነው። በ2000 ዋልተር ስኒደር የሚባል የመድኃኒት ታሪክ ተመራማሪ ሰነዶቹን መርምሮ የአይሸንግሩን ቃል እውነት ይመስላል ብሎ ጻፈ። ኩባንያው ይህን አይቀበልም። እኔ በበኩሌ ስኒደርን አምናለሁ፤ ከማጎሪያ ካምፕ የወጣ ሽማግሌ በመጨረሻ ዓመቱ ስለ ራስ ምታት ክኒን የሚዋሽበት ምክንያት አይታየኝም። ባለሙያ የሆናችሁ ተማሪዎቼ ተቃወሙኝ።

አስፕሪን ከድሮው ይሻላል ተባለ እንጂ ጨጓራን አልማረም። በ1938 ሁለት እንግሊዛውያን ሐኪሞች በቱቦ መሣሪያ ሆድ ውስጥ ገብተው አስፕሪኑ ያረፈበትን ቦታ አዩ፤ የጨጓራው ግድግዳ ቀልቶ፣ ተቆጥቶ ነበር። ለምን? ይሄን የመለሰው ጆን ቬን ነው፣ በ1971። አስፕሪን እና ወንድሞቹ ሕመምና እብጠት የሚያመጣውን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያግዳሉ። ያው ንጥረ ነገር ግን ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚጠብቀውን ሽፋን ያዘጋጃል። ስለዚህ ጉልበቱን ስታስታግሥ ዘበኛውን ከጨጓራው በር ላይ ታነሳለህ። ሁለቱም አንድ እጅ ሥራ ነው። ቬን በ1982 ኖቤል ተሸለመ። እማዬ ግን ይህን ዋጋ ማን ነገራት?

በመሃል አንድ ሌላ ተስፋ መጥቶ ነበር፣ ኮርቲዞን። በመስከረም 1948 ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ፊሊፕ ሄንች በመገጣጠሚያ ቁጣ አልጋ ላይ የዋለች አንዲት የ29 ዓመት ሴት ላይ ሞከረው። በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች፣ ገበያም ወጣች። ሄንች ከኬንዳል እና ከራይክስታይን ጋር በ1950 ኖቤሉን ወሰደ። ጋዜጦቹ ተአምር አሉት። ብዙ ሳይቆይ ግን ፊት ማበጥ፣ አጥንት መሳሳት፣ ስኳር መጨመር ታየ፣ ሲቋረጥም ሕመሙ ተመልሶ መጣ። የዚያች ሴት በሽታ ከእማዬ የተለየ ነው። የሆነው ሆኖ በ1951 ሆላንደር የሚባል የፊላዴልፊያ ሐኪም የዚሁ ዘመድ የሆነውን መድኃኒት በቀጥታ መገጣጠሚያ ውስጥ በመርፌ መስጠቱን አሳተመ። ዛሬ "ጉልበቴን መርፌ ተወጋሁ" የምትሉት ከዚያ የመጣ ነው። ለሳምንታት ያስታግሣል፣ ቶሎ ቶሎ ከተደጋገመ ግን ልስልሱን ሽፋን ይጎዳል።

ከዚያ የአስፕሪን የልጅ ልጆች በተራ ተወለዱ። ስቱዋርት አዳምስ ኖቲንግሃም ውስጥ አይቡፕሮፌንን ይዞ መጣ፣ በ1969 ብሪታንያ ውስጥ ተሸጠ። አዳምስ አንድ ጊዜ መጠጥ ጠጥቶ ባደረ ማግስት ንግግር ነበረበትና 600 ሚሊግራም ራሱ ላይ ሞክሮ እንደሠራለት ይናገር ነበር። የኛው ዳይክሎፌናክ ደግሞ ከስዊዘርላንዱ ሲባ ጋይጊ በ1970ዎቹ ወጣ። ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ዓለምን አዳረሰ።

ይሄ ዳይክሎፌናክ ሰው ብቻ አይደለም የጎዳ። በ1990ዎቹ ሕንድና ፓኪስታን ውስጥ ጥንብ አንሳ እያለቀ ሄደ፤ ከአንዳንዱ ዝርያ ከመቶ 95 የሚበልጠው ጠፋ። በሽታ ነው ተባለ፣ ቫይረስ ተፈለገ። በ2004 ኔቸር መጽሔት ላይ መልሱ ወጣ፦ ገበሬው ለሚያነክስ ከብት ዳይክሎፌናክ ያስወጋል፣ ከብቱ ሲሞት ጥንብ አንሳው ይበላዋል፣ ኩላሊቱ ይደርቃል። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። አንድ ሌሊት ይሄን ሳነብ ከአልጋው በላይ የተንጠለጠለውን የደም ከረጢት ቀና ብዬ አየሁት።

ሳይንቲስቶቹ ጨጓራን የማይነካ ክኒን ፍለጋ አላቆሙም። በ1999 አሜሪካ ውስጥ ቫዮክስ ተፈቀደ። ለጨጓራ በእርግጥም ይሻል ነበር። መስከረም 30 ቀን 2004 ከዓለም ገበያ ተነሳ፣ ለረጅም ጊዜ በሚወስዱት ላይ የልብ ድካምና የደም ዝውውር አደጋ ስለጨመረ። አምራቹ መርክ በ2007 ለተከሰሰበት 4.85 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ዳይክሎፌናክም ከልብ አንጻር ከዚያ ቤተሰብ ብዙ እንደማይርቅ የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች በ2013 አስጠንቅቀዋል።

አንባቢዬ "ታዲያ ምን እናድርግ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ያ ወጣት ሐኪም እማዬ ስትወጣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያስረዳንን ልንገራችሁ፤ ለእናንተ ግን የየራሳችሁ ሐኪም ይንገራችሁ። "እማማ፣ አጥንቱን ይርሱት፣ እሱ የትም አይሄድም" አላት። "ታፋዎን እናጠንክረው።" ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ እያነሳች ትቆጥራለች፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ከዘራ በማያመው እግር በኩል ትያዝ አለን። እኛ በሚያመው በኩል ነበር የምናስይዛት! ሕመሙ ሲነሳ ፓራሲታሞል በልኩ፣ ወይም ጉልበቷ ላይ የሚቀባ ቅባት፤ ቅባቱ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ። ጨጓራዋ አንዴ ስለደማ የዚያ ቤተሰብ ክኒን ከእንግዲህ በአፏ አይገባም። ቀዶ ጥገናና ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያም አለ፣ ዋጋውን ስንሰማ ግን እማዬ ራሷ ሳቀች።

ሙቅ ውሃም አልከለከላትም። እንዲያውም አዲስ አበባን የወለዳት ይሄው ነገር መሆኑን ነገርኩት። የምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ብርዱ ላይ ሳለ መኳንንቱ ሊታጠቡ ወደ ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር፣ እቴጌ ጣይቱም በ1886 እዚያ ቤት አሠሩ፣ ከተማው ተከትሎ ወረደ። ሙቀት ጡንቻን ያላላል፣ ሕመምን ያበርዳል። አጥንት ግን አያሟሟም፤ ሐኪሙ ይሄን ደጋግሞ ነገራት፣ እሷም "ሰማሁ እኮ ልጄ" አለችው።

በርጩማውን አነሳነው። ምጣዱን ወንድሜ ከፍ አድርጎ በብሎኬት ሠራው፣ ከወንበር ላይ ሆና ትጋግራለች፣ እሱም ለቤት ብቻ ነው። ስግደቱን የንስሐ አባቷ በወንበር አድርጊው ስላሏት ተቀበለች፤ እኔ ብላት እሺ አትልም ነበር።

የአይሸንግሩንን ታሪክ አንድ ማታ እግሯን እያነሳች ስትቆጥር ነገርኳት። አሥራ ሁለት ላይ ቆማ "እሱ ሰውዬ ልጅ ነበረው?" አለች። አላውቅም አልኳት። "ልጅ ካለው ይነግርለት ነበር" ብላ ከአንድ ጀምራ እንደገና ቆጠረች፣ ምክንያቱም ስንት ላይ እንደደረሰች አጥፍቼባታለሁ።

ባለፈው ወር ድጋሚ ራጅ ተነሳች። አጥንቱ እዚያው ነው፣ እንደነበረ። የማርያም ዕለት ከዘራዋን በትክክለኛው እጇ ይዛ ቤተክርስቲያን በእግሯ ሄዳ ተመለሰች። የልምምዱን ወረቀት የምትፈልጉ ውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ።